የድመት፣ የውሻና የበግ አለርጂ የደም ምርመራ፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ምን ይላል?

መንዝ ውስጥ ብርዱ ሲጠና በጎቹ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ድመቷ ምድጃ ዳር ትተኛለች፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ናቸው፣ ውሻው ደጅ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ጠዋት ሲነሣ በላይ በላዩ ካስነጠሰ፣ አፍንጫው ከተዘጋና ዓይኑን ካሳከከው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ሳይነስ» ነው። የተሰጠው መድኃኒት ሳያሽለው ሲቀር ደግሞ አንዱ «የአለርጂ የደም ምርመራ ተመርመር» ይለዋል። ገንዘቡን ከፍሎ ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ድመቷ ትባረራለች፣ ወይም በጎቹ ይሸጣሉ፣ ወይም ልጁ ወተት ይከለከላል። ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱ ይህን ሁሉ አላዘዘም።

ምርመራው የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውነት ለአንድ እንስሳ ፕሮቲን የተለየ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን። ይህ ፀረ እንግዳ አካል አይጂኢ ይባላል። ከታወቀ 60 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኢሺዛካዎችና በስዊድን የነበሩት ዮሃንሰንና ቤኒች በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለየብቻ ደረሱበት፤ ስሙ የጸደቀው በ1968 ነው። ከሌሎቹ የአካል ተከላካዮች ዘግይቶ የተገኘው በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። አይጂኢ ቆዳ፣ አፍንጫና ሳንባ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። የሚያውቀው ፕሮቲን ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ ማስነጠሱ፣ ማሳከኩና የደረት ሲር ሲር ማለቱ ከዚያ ይመጣል። አይጂኢ እያለ ግን ምንም የማይሰማው ሰው ብዙ ነው። ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል «ሰውነትህ ይህን ፕሮቲን ያውቀዋል» ማለት ነው። «የታመምከው በዚህ ነው» ለማለት የሕመሙ ታሪክ መጨመር አለበት።

ፕሮቲኑ ፀጉሩ ራሱ አይደለም። የድመት ዋናው አለርጂ አምጪ ፌል ዲ 1 ይባላል፤ የሚመነጨው ከቆዳዋ ቅባት ዕጢዎችና ከምራቋ ነው። ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይቀባል፣ ሲደርቅ ከአቧራ በደቀቀ መልኩ ይነሣና ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ልብስ ላይ ተጣብቆም ድመት ወደሌለበት ክፍል፣ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ይጓዛል። የውሻው ከአንድ በላይ ነው፤ ካን ኤፍ 1 እና ካን ኤፍ 5 በብዛት የሚጠሩት ናቸው። የበግ፣ የላምና የፈረስ ደግሞ በፎረፎራቸው፣ በምራቃቸውና በሽንታቸው ይወጣል። ፀጉረ አጭር ድመት ወይም «አለርጂ የሌለው» የውሻ ዝርያ ፍለጋ መድከም የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ደሙ ላይ የሚሠራው ሥራ

ከክንድ ደም ሥር 3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ደም ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል። ጾም አያስፈልግም። እንደ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ያለ የአለርጂ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ማቆም የለበትም፤ ውጤቱን አይለውጠውም። በቆዳ ላይ ጠብታ አድርጎ በመርፌ ጫፍ ጫር በማድረግ የሚሠራው ምርመራ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ እነዚህ መድኃኒቶች ለአንድ ሳምንት ያህል መቆም አለባቸው። የቆዳው ምርመራ ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል፣ ርካሽም ነው፤ የሚሠራ ባለሙያ ከተገኘ ጥሩ አማራጭ ነው። ቆዳው በሙሉ የቆሰለ ወይም አስሙ የበረታበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ በደሙ ቢመረመሩ ይሻላል፤ ከእንስሳው ፕሮቲን ጋር አይነካኩምና።

የተቀዳው ደም ቆሞ ለ30 ደቂቃ ያህል ይረጋል፣ ከዚያ በማሽን ተሽከርክሮ ሴረም የሚባለው ቢጫ ፈሳሽ ከላይ ይለያል። ላቦራቶሪው የድመት ወይም የበግ ፕሮቲን አስቀድሞ በተለጠፈበት ነገር ላይ ሴረሙን ያፈሳል። ለዚያ ፕሮቲን የተሠራ አይጂኢ ካለ ይያዛል፣ የቀረው ይታጠባል። ቀጥሎ አይጂኢን ለይቶ የሚይዝና ብርሃን ወይም ቀለም የሚያወጣ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። ብርሃኑ በበረታ ቁጥር አይጂኢው ብዙ ነው።

ይህ ምርመራ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አይደለም። ብዙ ጊዜ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ብቻውን ናሙናውን አያበላሸውም፣ የሚያበላሸው ሴረሙ ሳይለይ ደሙ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፣ ሴረሙ ይቀላል፣ ላቦራቶሪውም ይመልሰዋል። ሴረሙ ተለይቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ከተያዘ አንድ ሳምንት ይቆያል። ናሙና ከሰጣችሁ «ሴረሙ እዚሁ ይለያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቱቦው ላይ ስማችሁ መጻፉንም በዓይናችሁ እዩ።

ቁጥሮቹ

መለኪያው ኪሎ ዩኒት በሊትር ነው። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች እስከ 0.10 ድረስ ዝቅ ብለው ያነባሉ፤ ለረጅም ጊዜ እንደ ወሰን የተያዘው ግን 0.35 ነው። ብዙ ላቦራቶሪ ከቁጥሩ ጎን «ክላስ» ብሎ ከ0 እስከ 6 ደረጃ ይጽፋል። ከ0.35 በታች 0፣ እስከ 0.69 ድረስ 1፣ ከ0.70 እስከ 3.49 ድረስ 2፣ ከ3.50 እስከ 17.49 ድረስ 3፣ ከዚያ እስከ 49.9 ድረስ 4፣ እስከ 99.9 ድረስ 5፣ 100ና ከዚያ በላይ 6 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ያ እንስሳ የሕመሙ ምክንያት የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ሕመሙ ምን ያህል እንደሚከፋ ግን አይናገርም። ክላስ 2 ያለው ሰው አስሙ ሊያንቀው ይችላል፣ ክላስ 4 ያለው ሌላው ደግሞ ከማስነጠስ ላያልፍ ይችላል።

ከእንስሳው ስም ጎን አጭር ኮድ አለ፤ የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው። ድመት ኢ1፣ ውሻ ኢ5፣ ፈረስ ኢ3፣ ላም ኢ4፣ ፍየል ኢ80፣ በግ ኢ81፣ የዶሮ ላባ ኢ85 ነው። ይህን ማወቁ የሚጠቅመው ከመክፈላችሁ በፊት ነው። በጅምላ የሚሸጠው ባለ 20 ወይም ባለ 30 ዓይነት ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ አገር ሰው የተዘጋጀ ነው፤ መንዝ ላይ የማይበቅል የአውሮፓ ዛፍ ብናኝ ይኖርበትና በግ አይኖርበትም። ድመትና ውሻ አይጠፉም፣ የቤት እንስሳ ሲባል ለአዘጋጆቹ ድመትና ውሻ ነውና። ሱፍ ስትፈትል ለምትውል፣ ባና እና ዝተት ለሚሠራ፣ በግ ለሚሸልት ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ኢ81 ከሌለ ምርመራው ዋናውን ተጠርጣሪ ሳይጠይቅ ቀረ ማለት ነው። ጅምላውን ትቶ ከሕመሙ ታሪክ የተነሡ አራት ወይም አምስት ነጠላ ምርመራዎችን መምረጥ ይበልጣል። በተጨማሪም የጅምላው ምርመራ ብዙውን ጊዜ በወረቀት ቁራጭ ላይ በሚታይ የመስመር ድምቀት የሚሠራ ስለሆነ ቁጥሩ ግምት ነው፤ የነጠላው ቁጥር ይበልጥ ይታመናል።

ትላትልና ጠቅላላው አይጂኢ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እኛ አገር ውጤቱ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ወረቀቱ አናት ላይ «ጠቅላላ አይጂኢ» የሚል መስመር አለ። ለአዋቂ ሰው እስከ 100 ገደማ እንደ ልክ ይጻፋል። ከዚያ ያለፈ ሁሉ በቀይ ወይም በኮከብ ምልክት ይወጣል፣ ተመርማሪውም ይደነግጣል። ነገር ግን አይጂኢን ከሚያስነሡት ዋናዎቹ የአንጀት ትላትል ናቸው። ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ በቆላው በሸዋ ሮቢት በኩል ደግሞ ቢልሃርዚያ ጠቅላላውን አይጂኢ ከ1,000 በላይ ቢያደርሱት የሚገርም አይደለም። ከውሻና ከድመት ኩስ ወደ አፈር የሚገባው ቶክሶካራ የሚባለው ትልም እንዲሁ ያደርጋል፣ በተለይ አፈር ላይ በሚጫወቱ ልጆች። ውሻ ያለው ቤት ልጅ ጠቅላላ አይጂኢው ስለጨመረ ብቻ «የውሻ አለርጂ አለበት» ቢባል ስሕተቱ ሁለት እጥፍ ነው፤ አለርጂው የለም፣ ትሉ ደግሞ ሳይታከም ቀረ።

የሙሉ ደም ቆጠራ ላይ ያለው ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴልም ተመሳሳይ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ500 ሲያልፍ ከፍ አለ ይባላል፤ አለርጂም ትልም ከፍ ያደርጉታል፣ ለብቻው አይለያቸውም። ስለዚህ ከአለርጂው ምርመራ በፊት ርካሹን የሰገራ ምርመራ መሥራት ብልህነት ነው። ትሉ ከታከመ በኋላም ጠቅላላው አይጂኢ ወዲያው አይወርድም፣ ወራት ይፈጃል።

ጠቅላላው ብቻ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር። ትላትል የድመቱን ምርመራ ራሱን ያሳስታሉ። በ2011 የታተመ፣ ዚምባብዌ ውስጥ ትል ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሰዎቹ በኢ1 ምርመራ «ድመት ፖዘቲቭ» ነበሩ፤ ለዋናው የድመት ፕሮቲን ለፌል ዲ 1 ግን አይጂኢ አልነበራቸውም። የተያዘው አይጂኢ አልፋ ጋል በሚባል ስኳር ላይ ያነጣጠረ ነበር። ይህ ስኳር የድመት ፎረፎር ውስጥም አለ። ኢ1 ከድመት ፎረፎር ሁሉንም ነገር ጨምቆ የሚጠቀም ስለሆነ ስኳሩም አብሮ ይገባል። ከዚህ የምንይዘው ተግባራዊ ነገር አለ። ጠቅላላው አይጂኢ ከፍ ብሎ ኢ1 ፖዘቲቭ ከሆነና ድመት ሲቀርቡ ምንም የማይሰማ ከሆነ፣ ፌል ዲ 1ን ለብቻው የሚለካው ኢ94 ቢታዘዝ ነገሩን ይለየዋል። እሱ ኔጌቲቭ ከሆነ ድመቷን ከጥፋቱ ነጻ ማውጣት ይቻላል ለማለት የቀረበ ነው። ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅ ድመት በዋዛ የምትባረር አይደለችም፤ አይጥም ራሱ በሽንቱ አለርጂ ያመጣል።

አንድ ወረቀት በምሳሌ እንይ። መንዝ ውስጥ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣ ሰው ነው እንበል። ጠቅላላ አይጂኢ 1,460፤ ድመት 0.62፤ ውሻ ከ0.10 በታች፤ በረሮ 0.48፤ በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖረው በዓይን የማይታይ ተባይ 0.41፤ በግ 7.9። በ0.35ቱ ወሰን ከሄድን አራት ነገር ፖዘቲቭ ነው፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው «አራት አለርጂ አለብኝ» ብሎ ይወጣል። ጠቅላላው 1,460 በሆነበት ደም ውስጥ ግን በ0.4 እና በ0.7 መካከል ያሉት ሦስቱ ግርግሩ የፈጠራቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ታሪክ ካልደገፋቸው ይታለፋሉ። ጎልቶ የወጣው በጉ ነው። ሰውዬው በግ ሲሸልት ዓይኑ የሚያብጥ፣ በጎቹ ውጭ ሲያድሩ የሚሻለው ከሆነ ቁጥሩና ታሪኩ ገጠሙ። በግ ሲነካ ምንም የማይሆን ከሆነ ደግሞ 7.9 እንኳ ብቻውን በጎቹን አያስሸጥም።

ኔጌቲቭ ሲሆንስ?

ኔጌቲቭ ውጤት «ውሸትህን ነው፣ አልታመምክም» ማለት አይደለም። ምርመራው ውስጥ ያልገባ እንስሳ ውጤቱ ላይ አይወጣም፤ ይህን ብለናል። የውሻ ምርመራ ከድመት ምርመራ ይልቅ ደካማ ነው፤ ውሻ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ስላለውና የሚዘጋጀው ጭማቂ እኩል ስላልሆነ። አይጂኢ አፍንጫ ውስጥ ብቻ ተሠርቶ ደም ላይ የማይታይበት ጊዜም አለ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ በአየር ለሚመጣ ነገር አይጂኢ ገና ሳይሠራ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ይልቅ የሚበዛው ግን ሕመሙ ከመጀመሪያውም አይጂኢ የማይነካው ሲሆን ነው። ደጋው ላይ በር ተዘግቶ ኩበትና ባሕር ዛፍ ይነዳል። ጭስ አፍንጫንና ሳንባን ያቃጥላል፣ አስምን ያባብሳል፣ ለጭስ የሚሠራ አይጂኢ ግን የለም፤ የትኛውም ላቦራቶሪ ሊያሳየው አይችልም። የሻገተ ጭድ የነካ ሰው ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ደረቅ ሳል ከያዘው ሌላ ዓይነት የሳንባ ሕመም ነው፤ አይጂኢው ኔጌቲቭ ይወጣል፣ ሕመሙ ግን ሳንባን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ድመት ያቀፈ ልጅ እግሩና ወገቡ ላይ በክምችት የሚያሳክኩ ነጠብጣቦች ካወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ቁንጫ ነው። ክብ ሆኖ ጠርዙ የሚላጥ ከሆነ ጭርት ነው፣ እሱም ከድመት ይመጣል። ሁለቱም ርካሽ ሕክምና አላቸው።

«አይጂጂ» በሚባለው ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ላይ የተመሠረተ የአለርጂ ምርመራ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። አይጂጂ ሰውነት ነገሩን ማግኘቱን እንጂ አለርጂን አያሳይም።

ከውጤቱ በኋላ

ምርመራው ዋጋ የሚኖረው ውሳኔ የሚለውጥ ከሆነ ነው። ድመት አጠገቡ በመጣች ቁጥር በደቂቃዎች ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ገንዘቡን ለመድኃኒት ቢያውለው ይሻላል። የምንመክረው እንስሳው ብዙ ሆኖ የቱ እንደሆነ ለማይለይ፣ ወይም ውሳኔው ከባድ ለሆነበት ሰው ነው፤ በጎቹን ከቤት ለማስወጣት በረት መሥራት ላለበት፣ ውሻውን አሳልፎ ለመስጠት ለሚያስብ። ውሻ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ካን ኤፍ 5 የሚመነጨው ከወንድ ውሻ ፕሮስቴት ነው። ኢ226 በሚባለው ምርመራ ለእሱ ብቻ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ሴት ውሻ ላታስቸግረው ትችላለች።

ድመቷን ለሁለት ሳምንት ጎረቤት አስቀምጦ «አልተሻለኝም፣ እሷ አይደለችም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ድመቷ ከወጣች በኋላ ፌል ዲ 1 ቤቱ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ግድግዳው፣ ባናውና ፍራሹ ይይዘዋል። ቤቱ ካልታጠበ የሁለት ሳምንቱ ሙከራ ምንም አይነግርም። ተገላቢጦሹ ይሻላል፤ ሰውዬው እንስሳ የሌለበት ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት አድሮ ቢሻለውና ሲመለስ በአንድ ሁለት ቀን ቢያገረሽበት ትልቅ ማስረጃ ነው። እንግዳው ቤት ጭስ ከሌለው ግን ማን እንዳሻለው መለየት ያስቸግራል፤ ያንንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። እንስሳ መኝታ አካባቢ አይግባ። ባና፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን ፕሮቲኑን አያጠፋውም፤ በሳሙናና በውሃ መታጠብ አለበት። በረት የሚገባበት ካፖርት ውጭ ይሰቀል እንጂ አልጋ ላይ አይጣል። በግ ሲሸለት ወይም ሱፍ ሲባዘት ውጭ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ፣ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ ቢሠራ ይሻላል። መድኃኒቱ በሐኪም ይታዘዛል፤ ለአፍንጫው በየቀኑ የሚነፋው ስቴሮይድ ለመሥራት ቀናት ስለሚፈልግ በሁለተኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ መተው አይገባም። ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ሌሊት በሳል የሚነቃ ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ውጤቱ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ አስሙ አሁኑኑ ይታከም። መናገር እስኪያቅተው ከታፈነ ደግሞ ነገሩ የድንገተኛ ክፍል ነው። መድኃኒት እየወሰዱ በየዓመቱ አይጂኢን ደግሞ ማስለካት ጥቅም የለውም፤ መድኃኒቱ ምልክቱን እንጂ ቁጥሩን አያወርደውም።

የመጨረሻው የላም ነገር ነው። ኢ4 ፖዘቲቭ ሲወጣ ወተት የሚተው ሰው ብዙ ነው። ኢ4 የሚለካው የላሟን ፎረፎር ነው፤ ዋናው ፕሮቲኑ ቦስ ዲ 2 ወተት ውስጥ ካሉት ዋና ፕሮቲኖች የተለየ ነው። ወተት ጠጥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም ትውከት የማያውቀው ሰው በኢ4 ምክንያት ወተት አይተው። «በዐቢይ ጾም ወተት ስተው ተሽሎኛል» የሚለውንም በጥንቃቄ መስማት ያሻል። የመኸር ውቂያ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ጾሙ በየካቲት ሲገባ አውድማው ላይ ያለው የጭድ አቧራ አብቅቷል፣ ሰውም የተሻለው በወተቱ ሳይሆን በአቧራው መቅረት ሊሆን ይችላል። የፈረንጆቹ ወሮች ሳይሆኑ የራሳችን የሥራ ወቅቶች የተጻፉበት አንድ ገጽ ማስታወሻ፣ የትኛው ወር ላይ ምን ሲሠራ እንደጠናበት፣ ለሐኪሙ ከውጤቱ ወረቀት እኩል ይጠቅመዋል። ወተት ከተጠረጠረም ራሱን የቻለ ምርመራ አለው፤ ኮዱ ኤፍ2 ነው።